ለአምስት ማርሽ

ሰኞ ሰኞ ማለዳ ዘሊካ የሱቋን በር ከፍታ ወለሉን ስትጠርግ ጆሮዋ ግን መንገዱ ላይ ነው። ከሱቋ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ አንድ ጉብታ አለች። ወደ ከሚሴ መነኻሪያ የሚሄድ መኪና ሁሉ እዚያች ጉብታ ላይ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል። ሌላው መኪና ዝም ብሎ ያልፋል። የጀይሉ ነጭ ሚኒባስ ግን ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ታወጣለች፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚፈጭ ያለ። ዘሊካ ያን ድምፅ ስትሰማ መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ ታስደግፍና ወደ አጎራባቹ የረቢአ ሻይ ቤት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ሁለት» ትላለች። ረቢአም ምን ሁለት እንደሆነ አትጠይቅም።

ጀይሉ ሰኞ ሰኞ ለባቲ ገበያ ሰው ይጭናል። ወደ መነኻሪያው ከመግባቱ በፊት፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ ሱቋ በር ላይ ይቆምና ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ ያያል። ካምቢዮው ዘይት ያንጠባጥባል። እሱ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ስር ይገባል፣ የጎኑን ቡሎን ይፈታል፣ ጣቱን ከቶ የዘይቱን ልክ ያያል፣ ከዚያ እጁን ብቻ ወደ ውጭ ይዘረጋል። ዘሊካ የላስቲክ ቱቦ ያለውን ጠርሙስ እጁ ላይ ታስቀምጥለታለች። ሲጨርስ ከስር ይወጣና የዘይት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

«አካም ቡልቴ ዘሊካ» ይላታል፣ እንዴት አደርሽ ሲል።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬም አስጮህካት።»

«እኔ ምን ላድርጋት። ሁለተኛዋ አኩርፋለች።»

«ሁለተኛ የሆነች ሁሉ ታኮርፋለች። አንደኛዋን ጠይቅ።»

«አንደኛዋማ ሚስቴ ፋጡሜ ናት። እሷ በዘይት አትታለልልኝም።»

ረቢአ ሻዩን ስታስቀምጥ ይህን ትሰማና፣ «አንተ እንኳን ሁለት ሚስት ሁለት ጫማም አልያዝክ» ትለዋለች። ጀይሉ እግሩን ያያል። እውነቷን ነው፣ ሁልጊዜ ያቺው ነጠላ ጫማ ናት። ይስቃሉ። ከዚያ ስለ ጨፋ ዝናብ፣ ማሽላው ስለመብቀሉ አለመብቀሉ፣ በቆላው በኩል ከብት ስለመወደዱ ትንሽ ያወራል። ሻዩ ያልቃል። «በይ አብሽሪ» ይልና ይሄዳል።

የቀረው ሳምንት ሌላ ነው።

ዘሊካ የተወለደችው ጨፋ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት በእግር ከሚያስኬድ ሰፈር ነው። ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። እናቷ ታመመችና ቤት የሚይዝ ጠፋ፤ ለጊዜው ነው ተብሎ ቀረች። ያ ጊዜ ሳያልቅ እናቷም ሞተች፣ እሷም አደገች፣ ተዳረችም። ባሏ አብዱሰላም በዕድሜ ብዙ ይበልጣት ነበር። ሾፌር ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ጽሑፉ የሚያምር። ብዙ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ኋላ ይቺን ነጭ ሚኒባስ ገዛ። ጀይሉ ያኔ ረዳቱ ነበር፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሐርቡ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ» እያለ የሚጣራ። አብዱሰላም ወገቡ እምቢ ሲለው ሚኒባሷን ለጀይሉ ሸጠለትና ይህን የዘይትና የቅባት ሱቅ ከፈተ።

ሱቁን በከፈተበት ሳምንት ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዞ መደርደሪያው ላይ ጻፈ። ከላይኛው ጣውላ «የሞተር ዘይት» አለ። ከመካከለኛው ጣውላ ግራ በኩል «ለአራት ማርሽ»፣ ቀኝ በኩል «ለአምስት ማርሽ» አለ። ከታች «ቅባት»። ዘሊካ ቆማ ታይ ነበር። ፊደሎቹ እኩል ቁመት ያላቸው፣ አንዱ ካንዱ የማይነካካ ነበሩ።

«ይሄ ጣሳ ላይ ያለው ቁጥር ምንድነው?» ብላ ጠየቀችው።

«የማርሹ ነው። ጂኤል አራት የሚለው አራት ማርሽ ላለው። ጂኤል አምስት የሚለው አምስት ማርሽ ላለው። ደንበኛ ሲመጣ መኪናህ ስንት ማርሽ ነው በይው፣ አለቀ።»

አለቀ። ለዘሊካ እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይላታል። እንግሊዝኛ አታነብም፤ ግን «ጂ» እና «ኤል» የሚባሉትን ፊደሎች በመልክ ለየች፣ ቁጥሩን አወቀች። የሚመጣው ደንበኛም እንዲሁ ነበር የሚለው፤ «ባለ አራቱን ስጪኝ»፣ «ባለ አምስቱን ስጪኝ»። የድሮዎቹ ደግሞ አራት አምስት ሳይሉ በውፍረቱ ቁጥር «ዘጠና ስጪኝ» ብቻ ይላሉ። ያኔ እሷ ራሷ፣ «ስንት ማርሽ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አዋቂ የሆነች ይመስላት ነበር።

አብዱሰላም ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ስኳር ነበረበት። ሰኞ ታመመ፣ ሐሙስ ቀበሩት። አንድ ልጃቸው ኢማን ሪያድ ነው ያለችው፣ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ለለቅሶው መምጣት አልቻለችም። ድምፅ ቀድታ ትልካለች፤ ዘሊካም ድምፅ ትልክላታለች። የአንዷ ድምፅ ሲላክ ሌላዋ ተኝታለች ወይ ሥራ ላይ ናት፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ላይ አውርተው አያውቁም ማለት ይቻላል። መንገዱ በተዘጋጋባቸው ወራት ደግሞ ሱቁ ጨርሶ ጭር ብሎ ነበር። አሁን መንገዱ ሲከፈት መኪናው ሁሉ ባጃጅ ሆኖ ጠበቃት። የባጃጅ ልጆች ከወዲያ ማዶ ካሉት ሱቆች ነው የሚገዙት፣ እዚያ ሙዚቃ አለ። ወደ ዘሊካ የሚመጣው በቀን ሦስት ሰው ቢሆን ነው። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው። «አንድ ሊትር የሞተር ዘይት።» ሰጥታ ትመልሳለች። ከዚያ ሱቋን ገርበብ አድርጋ ዙህር ትሰግዳለች፣ ከቤት ያመጣችውን ትበላለች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ትቀመጣለች።

የሚኒባሷ ሁለተኛ ማርሽ መጮህ የጀመረችው አብዱሰላም ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጀይሉ ለካምቢዮ ዘይት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነበር። ማርሿ ስትጮህና ካምቢዮው ማንጠባጠብ ሲጀምር ነው ሰኞ ሰኞ መምጣቱ የተለመደው።

ከረመዳን አንድ ወር ቀደም ብሎ አንድ ቀን፣ ወደ ሰመራ የሚሄድ ፒካፕ ሱቋ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ መነጽር ያደረገ፣ ጠና ያለ ሰው ነው። ወርዶ ሰላም ካላት በኋላ፣ «እህቴ፣ የካምቢዮ ዘይት ጂኤል አራት ይኖርሻል?» አላት።

«አለ። መኪናዎ ስንት ማርሽ ነው?»

«አምስት።»

«እንግዲያ አራቱ ምን ያደርግልዎታል። አምስቱን ይውሰዱ።»

ሰውየው መደርደሪያውን ቀና ብሎ አየ። ጽሑፉን አነበበው። ይስቃል ብላ ነበር፣ አልሳቀም።

«ቁጥሩ የማርሽ ብዛት አይደለም እኮ እህቴ» አላት ቀስ ብሎ። «የዘይቱ ደረጃ ነው። አምስቱ ጠንካራ መድኃኒት አለው፣ የኋላ ጎማዎቹን ለሚያዞረው ለዲፈረንሻል ነው የሚሆነው። ካምቢዮ ውስጥ የነሐስ ቀለበቶች አሉ፤ ማርሽ ሲገባ የሚያለዝቡት እነሱ ናቸው። የአምስቱ መድኃኒት ነሐሱን ይበላዋል። በዚያ ላይ በጣም ያንሸራትታቸዋል፣ ቀለበቱ መያዝ ያቅተዋል።»

«ታዲያ አምስት ማርሽ ያለው ሁሉ አራቱን ነው የሚቀዳው?»

«እሱንም እንዲህ ማለት አይቻልም። ሁለቱንም የሚቀበል አለ፣ ሌላ ዓይነት ቀጭን ዘይት የሚፈልግም አለ። የሠራው ፋብሪካ ያዘዘውን ነው። መጽሐፉ ላይ አለ።» የአራቱን ጣሳ ተቀበላት። ሊወጣ ሲል ዞር አለና፣ «ማነው የጻፈው?» አላት።

«ባለቤቴ።»

«እጁ ያምራል» አለና ሄደ።

ዘሊካ ያን ቀን ተናደደች። መንገደኛ ነው፣ አለች ለራሷ። መነጽር ያደረገ ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለም። አብዱሰላም በዚያ መንገድ ላይ ዕድሜውን ጨርሷል። ከሰዓት በኋላ ግን መደርደሪያውን አሥር ጊዜ አየችው። በአሥረኛው ተነሥታ ከመደርደሪያው አንደኛው እግር ስር ያለውን መጽሐፍ ጎትታ አወጣችው።

መጽሐፉ ከሚኒባሷ ጋር የመጣ ነው። አብዱሰላም መኪናዋን ሲሸጥ መጽሐፉን ለጀይሉ መስጠት ረስቶ ሱቁ ውስጥ ቀረ፤ ኋላ ወለሉ ሲጎረብጥ መደርደሪያው እንዳይንገዳገድ ማስተካከያ ሆነ። ሽፋኑ ተቀዷል፣ ጠርዙ ላይ ዘይት ጠጥቷል። እንግሊዝኛ ነው። ዘሊካ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠችና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ገለጠች። የምታነበው አልነበረም፤ ሥዕል ነው የምታየው። ጎማው፣ መብራቱ፣ መቀመጫው አለፈ። አንዱ ገጽ ላይ የማርሽ እጀታ ተሥሏል፣ አናቱ ላይ ቁጥር አለ። በጣቷ ቆጠረችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ብዙ ገጽ ገለጠች። ወደ መጨረሻው ግድም በመስመር የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አገኘች። በአንዱ መስመር የካምቢዮ ሥዕል፣ ከጎኑ እነዚያ የምታውቃቸው ሁለት ፊደሎች፣ ከእነሱ ቀጥሎ አራት ቁጥር። በታችኛው መስመር የኋላ ዲፈረንሻል ሥዕል፣ እነዚያው ፊደሎች፣ አምስት ቁጥር።

መኪናዋ ያቺው ናት። ማርሿ አምስት ነው። መጽሐፏ ግን ለካምቢዮዋ አራት ይላል።

ገጹን በስልኳ አንስታ ለኢማን ላከች። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። የኢማን ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፣ የሰው ቤት ውስጥ ስለሆነች። «እማ፣ ሰባ አምስት በዘጠና ይላል፣ ጂኤል አራት። ከስሩ በትንንሽ የተጻፈ አለ፤ ከዚህ ሌላ ደረጃ ያለው ዘይት ቀለበቶቹን ሊጎዳ ይችላል፣ ማርሽ ለማስገባትም ያስቸግራል ነው የሚለው። ለምን ፈለግሽው? ደህና ነሽ አይደል? እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

ዘሊካ፣ «ደህና ነኝ። እንዲያው ነው» ብላ ላከችላት።

ያን ዕለት ተቀምጣ ነገሩን አንድ በአንድ አሰበችው። ጀይሉ ሚኒባሷን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ የሚቀዳላት ባለ አምስቱን ነው። በየሰኞው የሚጨምርላትም እሱኑ። ቀለበቶቹ ሲበሉ ማርሿ ጮኸች። ማርሿ ስትጮህ ዘይት አንሷት ይሆናል ብሎ ጨመረላት። ከሱቁ እየገዛ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ስለ ዝናብ እያወራ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰኞ ሰኞ ወደዚህ የሚያመጣው ይህ የተሳሳተ ዘይት ነበር። ቢነገረውና ቢስተካከል ደግሞ በየሰኞው የሚያመጣው አይኖርም። ይህን ለማሰብ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም፤ አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ሰኞ መጣ። ጉብታዋ ላይ ድምፁ ተሰማ። ዘሊካ፣ «ሁለት» አለች። ጀይሉ ካርቶኑን አንጥፎ ከስር ገባ፣ እጁን ዘረጋ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ባለ አምስቱ ነው። ይዛው ቆመች።

«ዘሊካ፣ ተኛሽ እንዴ» አለ ከስር።

እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ሻዩን ሲጠጣ እንደ ሌላ ጊዜው ቀለደ። እሷም መለሰችለት። ለሚቀጥለው ሰኞ እነግረዋለሁ አለች በልቧ። ሲሄድ መኪናዋ ካጠገቧ ተነሥታ እስክትጠፋ ቆማ አየችና ወደ ውስጥ ገባች። ምሳዋን ያን ቀን አልበላችም።

በሚቀጥለው ሰኞ ጀይሉ ሲመጣ፣ ማርሿ ጉብታዋ ላይ ሦስቴ ጮኸች። ሲወርድ አልቀለደም። ካርቶኑንም አላነጠፈም። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ባለፈው ባቲ ስወርድ ሁለተኛ እምቢ አለችኝ» አለ። «ቁልቁለቱ ላይ። አስራ አራት ሰው ይዣለሁ። ከሦስተኛ አወጣኋት፣ ሁለተኛ አልገባ አለች፣ ወደ ሦስተኛም አልመለስ አለች። በፍሬን ብቻ ወረድኩ። ፍሬኑ መሽተት ጀመረ። ከኋላዬ አንዲት አሮጊት ሶለዋት ታወርዳለች፣ ሌላው ሁሉ ጭጭ። ወላሂ ዘሊካ፣ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። እታች ሜዳው ላይ ስደርስ ነው የቆመችልኝ።»

ዘሊካ መደርደሪያው ስር ጎንበስ ብላ መጽሐፉን አነሣች። እጁ ላይ አስቀመጠችለት፣ ገጹ ታጥፎ።

«ጀይሉ፣ ዘይቱ ነው።»

«የቱ ዘይት?»

«እኔ የምሰጥህ።»

ነገረችው። የፒካፑን ሰው፣ የማርሹን እጀታ ሥዕል፣ ሁለቱን መስመሮች፣ ኢማን ያነበበችላትን። ረቢአ ሁለቱን ሻይ ይዛ መጣች፣ ፊታቸውን አይታ አስቀምጣ ተመለሰች። ጀይሉ መጽሐፉን ሳይሆን መደርደሪያውን ነበር የሚያየው።

«ይሄንን አብዱሰላም ነው እኮ የጻፈው።»

«አዎ።»

«አብዱሰላም ዓይኑን ጨፍኖ ካምቢዮ የሚፈታ ሰው ነበር። እኔ ሥራውን የተማርኩት ከእሱ ነው።»

«ብዙ ያውቅ ነበር። ይቺን አላወቃትም።»

ጀይሉ ዓይኑን ወደታጠፈው ገጽ መለሰ። ከዚያ፣ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አላት።

ይህን እንዳይጠይቃት ነበር የፈለገችው። «ያለፈው ሰኞ ከመምጣትህ በፊት።»

«ያለፈው ሰኞ እኮ ጠርሙሱን ሰጥተሽኛል።»

«ሰጥቼሃለሁ።»

«ለምን?»

ዘሊካ ሁለቱን ብርጭቆዎች አየች። የምትለው ነገር አፏ ላይ ነበረ፣ ግን በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ብላ አታውቅም። «ሻይህ ይቀዘቅዛል» አለች።

ጀይሉም ብርጭቆዎቹን አየ። ምን እንደገባው እሷ አታውቅም። ብርጭቆውን አንሥቶ ቆሞ ጨለጠውና፣ «ዛሬ ባቲ አልሄድም። ቶፊቅ ጋ እንውሰዳት። አራቱን ያዢ» አላት።

ቶፊቅ ከሱቁ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ መኪና የሚሠራ መካኒክ ነው፣ ምላሱ ከመፍቻው የሚቀድም። ታሪኩን ሲሰማ፣ «እኔም አንቺው የሸጥሽልኝን ነው እኮ ለሰው ሁሉ የቀዳሁት፤ አገሩን በሙሉ አንጫጫነው በይኛ» አለ። ከዚያ ግን ሥራውን ያዘ። አስቀድሞ የላይኛውን ቡሎን ፈታ።

«ለምን የታችኛውን አትፈታም?» አለው ጀይሉ።

«ዘይቱን አፍስሼ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢለኝስ? በምን ልትሞላት ነው፣ በምራቅህ?»

የላይኛው እሺ አለ። የታችኛውን ፈታና ዘይቱ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ቶፊቅ ሳፋውን ወደ ፀሐይ ሳበው። ዘይቱ ውስጥ ደቃቅ ነገር ያብለጨልጫል፣ ቢጫ። ማግኔት ከትቶ አወጣው፤ ማግኔቱ ላይ ጥቂት ጥቁር ብናኝ እንጂ ቢጫው አልተያዘም።

«ብረት ቢሆን ይይዘው ነበር» አለ። «ይሄ ነሐስ ነው። ቀለበቶቹ ናቸው። ዘሊካ፣ ዘይቱን ተይና ወርቅ ቤት ክፈቺ።»

ማንም አልሳቀለትም። ዘሊካ ሳፋውን ጎንበስ ብላ አየችው። ያምር ነበር። ስንት ሰኞ እንደሆነ አሰበች።

ቶፊቅ የሚያንጠባጥበውን የዘይት ማገጃ ጎማ አወጣና አዲስ ገጠመ። በጥቂት አዲስ ዘይት ውስጡን አጥቦ አፈሰሰው። ከዚያ ባለ አራቱን በላይኛው ቀዳዳ እስኪያፈስ ሞላው፤ መጽሐፉ ላይ እንዳለው ሁለት ሊትር ተኩል ግድም ገባ። ጀይሉ ሚኒባሷን ይዞ አስፋልቱ ላይ ወጣና ተመለሰ። ማርሿ ገባች። ትንሽ አጉረመረመች እንጂ አልጮኸችም።

«የተበላው ተበልቷል» አለ ቶፊቅ እጁን እየጠረገ። «የቀረውን ግን ይጠብቀዋል። ሰሞኑን ትለዝባለች። ቁልቁለት ላይ ሁለተኛን ቀደም ብለህ አስገባት፣ አትንጠቃት። አሁን ስለማታንጠባጥብ መጨመር የለም። የሚቀየረውም ፋብሪካው ባለው ኪሎ ሜትር ነው። አንተ በምትሠራው መንገድ ዓመት ከምናምን።»

«እንግዲህ ዓመት አንገናኝም ማለት ነው» አለ ጀይሉ ወደ ዘሊካ ዞሮ። ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ለቀልድ ያለው ይመስላል። እሷም ፈገግ አለች።

ወደ ሱቁ ሲመለሱ ጀይሉ በሩ ላይ ቆመ። መጽሐፉን ወስዶ በብብቱ ይዟል። «አብዱሰላምን አትውቀሺው» አላት።

«አልወቅሰውም።»

«እኔም አንቺን አልወቅስሽም። ያቺን ሰኞ ግን ብትነግሪኝ ይሻል ነበር። ሰው ይዤ ነበር።»

«ይሻል ነበር» አለች።

ማግስቱን ዘሊካ ጨርቅ በቤንዚን ነክራ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ቀለሙ የቆየ ነው፣ ወዲያው አይለቅም። «ማርሽ» የሚለውን ስታሸው ጣቷ እያንዳንዱን ፊደል ዞረ፤ እሱ ብሩሹን ያዞረበትን መንገድ ተከትላ የምትጽፍ ያህል ነበር። «አምስት» ለቀቀ። «አራት» ለቀቀ። የሁለቱ መነሻ የሆኑትን ሁለት ለ-ዎች ተወቻቸው። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ማንንም አይጎዱም። ከግራው ለ ቀጥላ በማርከር «ካምቢዮ፣ መጽሐፉ አራት ካለ»፣ ከቀኙ ቀጥላ «ዲፈረንሻል» ብላ ጻፈች። ፊደሎቿ አራተኛ ክፍል ላይ እንደቀሩ ናቸው፣ ትልልቅ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ። ያን ዘይት እንደገዛ የምታስታውሰውን ሾፌር ሁሉ ሲያልፍ እየጠራች ነገረችው። አንዳንዱ አመሰገናት። አንዳንዱ፣ «ሴትዮዋ ብቻዋን ተቀምጣ ነገር ትፈጥራለች» ብሎ አለፈ። አንዱ ከማዶ ካለው ሱቅ ሄዶ ባለ አምስቱን ገዛ።

የመጀመሪያው ሰኞ ጀይሉ ሲያልፍ ቆም አለ። ከመሪው ሳይወርድ፣ «እንደ ቅቤ ሆናለች» አላት። ሻይ ግን አልጠጣም፣ ተራ ይዞ ነበር። በሁለተኛው ሰኞ ጡሩምባ ነፋላት። ጉብታዋ ላይ ማርሿ ስትገባ ልትሰማ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ነበር፤ አልሰማችም።

ሦስተኛው ሰኞ ረመዳን ገብቶ ነበር። የረቢአ ሻይ ቤት ቀን ቀን ዝግ ስለሆነ «ሁለት» የሚባል ነገር የለም። ዘሊካ ወለሉን ጠርጋ ጨረሰች። ጠረገችና ደግማ ጠረገችው። መኪኖች ጉብታዋ ላይ እየቀነሱ፣ እየተነሡ አለፉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ፀሐይዋ የበሩን ደፍ አልፋ መደርደሪያው ጋ ስትደርስ ረቢአ ለማፍጠሪያ የምታበጥረውን ምስር በሰፌድ ይዛ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ጀይሉ ሰላም ብሎሻል» አለቻት፣ ምስሩን እየለቀመች። «ማለዳ ሲያልፍ እጁን በመስኮት አውጥቶልሽ ነበር። ጀርባሽን ሰጥተሽ ስትጠርጊ ነበር፣ አላየሽውም።»

«አልሰማሁትም» አለች ዘሊካ።

«ምኑን?»

ዘሊካ ከሰፌዱ አንድ ጠጠር ለቅማ ወደ አስፋልቱ ወረወረች።

«ምንም» አለች። «ደህና አለፈ ማለት ነው።»